መጀመሪያ የሚነሣው ሰው

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ገንዘብ ነው። መስጂድ ውስጥ የገንዘብ ወሬ ሲጀመር ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን እንደምታወጡ አውቃለሁ። ለዓመታት ማይክራፎኑን ይዤ የማወራው እኔ ስለነበርኩ ከፊት ለፊት ሆኜ አይቻችኋለሁ። አልፈርድባችሁም። ከዚህ በታች እንደምታነቡት ጥፋቱ ይበልጥ የኔ ነው።

ለዲን ሥራ ገንዘብ የምናሰባስብበት መንገድ አዲስ ሐሳብና ድፍረት ይፈልጋል። ይህን ይዘው የመጡትን ልጆቻችንን ግን እኛ ታላላቆቻችሁ ብዙ ጊዜ ከበር መልሰናቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ድፍረት ያለ ልጓም ሲሄድ ምን እንደሚያበላሽ በራሴ እጅ አይቻለሁ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

“እሺ ጋሼ”

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት አዘጋጀን። አዳራሽ ተከራየን፣ ምግብ አዘዝን፣ ከሌላ ከተማ እንግዳ ጋበዝን። ዓላማችን የቅዳሜና እሁድ የቁርኣን ትምህርት ቤታችንን የዓመት ኪራይ መሸፈን ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ማይክራፎኑን ያዝኩና “10,000 ዶላር ለአላህ ብሎ የሚነሣ ማን ነው?” አልኩ። ማንም አልተነሣም። 5,000 አልኩ። ሁለት እጅ ወጣ። እየቀነስኩ እየቀነስኩ 100 ላይ ስደርስ ኋላ የተቀመጡት ታክሲ የሚነዱና ፓርኪንግ የሚሠሩ ወንድሞች አንገታቸውን ደፍተዋል። ከ10,000 ጀምሬ ስለመጣሁ የእነሱ 50 ዶላር እንደ ውርደት ሆነባቸው። የዚያን ምሽት ከሰበሰብነው ላይ የአዳራሹና የምግቡ ወጪ ሲቀነስ የቀረው የኪራዩን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

በሳምንቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ልጃችን ላፕቶፗን ይዛ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ሦስት ነገር ነበር የጠየቀችው። አንደኛ፣ በዓመት አንዴ ብዙ ከመለመን ይልቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ 10 ወይም 20 ዶላር በራሱ ከባንኩ እንዲከፈል ያድርግ። ሁለተኛ፣ ምን ያህል ገባ፣ በምን ላይ ወጣ የሚለውን ማንም ሰው በስልኩ የሚያየው ገጽ ይኑረን። ሦስተኛ፣ ልጆቹ ራሳቸው ምን እንደተማሩ የሚናገሩበት አጭር ቪዲዮ እንሥራ።

ከመካከላችን አንዱ “ይሄ ቢድዓ ነው” አለ። እኔ ደግሞ የባሰውን ተናገርኩ። “ልጄ፣ ይሄ የነጋዴ ሥራ ነው፤ የአላህ ቤት ማስታወቂያ አያስፈልገውም” አልኳት። ላፕቶፗን ዘጋችና “እሺ ጋሼ” ብላ ወጣች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪራዩን መክፈል አቃተን። ትምህርት ቤቱ ለስምንት ወር ተዘጋ። “አሊፍ፣ ባ፣ ታ” ብለው የጀመሩ ሕፃናት ለስምንት ወር ቅዳሜያቸውን ቴሌቪዥን ፊት አሳለፉ። አንዳንዶቹ ሲከፈት አልተመለሱም። ልጅቷንም ከዚያ በኋላ የማያት በዒድ ሰላት ላይ ብቻ ነው። “እሺ ጋሼ” የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሙደር ሰዎች የመጡበት ቀን

ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የሚያወሩት አንድ ሐዲስ አለ። ለብዙ ዓመት ሰምቼው ነበር። ትምህርት ቤታችን በተዘጋበት ወቅት እንደገና ሳነበው ግን ለኔ የተነገረ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጀሪርና ሌሎች ሰሐቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ተቀምጠው ሳለ ሰዎች መጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ የለበሱት የተቀደደ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ አብዛኞቹ ወይም ሁሉም ከሙደር ጎሳ ናቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ድህነታቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቤት ገቡ፣ ወጡ፣ ቢላልን አዛን እንዲያደርግ አዘዙት። ካሰገዱ በኋላ ኹጥባ አደረጉ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአንዲት ነፍስ መፈጠሩን፣ ሰውም ለነገው ምን እንዳስቀደመ መመልከት እንዳለበት የሚያስታውሱትን አንቀጾች አነበቡ። ከዚያም ሰው ከዲናሩም፣ ከዲርሀሙም፣ ከልብሱም፣ ከስንዴውም፣ ከተምሩም እንዲሰጥ ጠየቁ። ግማሽ ተምር እንኳ ቢሆን አሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እኔ ከ10,000 ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ። እሳቸው ዲናርንና ግማሽ ተምርን በአንድ ትንፋሽ ጠሩ። ያን ቀን መስጂዱ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው “እኔን አይመለከተኝም” ማለት አልቻለም።

በአንድ ዘገባ እንደተጠቀሰው ሰዉ መጀመሪያ ላይ ዘገየ፤ ሐዘኑም በፊታቸው ላይ ታየ። ከዚያ ከአንሷር አንድ ሰው ተነሣ። እጁ ሊሸከመው ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ። እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ሌላውን ተከትሎ ሌላው ተነሣ። ጀሪር እንደሚሉት በመጨረሻ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ታየ፤ የረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በወርቅ እንደተለበጠ አበራ።

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የምናውቀውን ቃል የተናገሩት። መልእክቱ ይህ ነው፦ በኢስላም ውስጥ መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የራሱንም አጅር፣ ከሱ በኋላ የሠሩበትንም ሰዎች አጅር ያገኛል፤ ከእነሱም ምንም አይቀነስም። መጥፎ ፈለግ የጀመረም የራሱንና የተከተሉትን ሰዎች ሸክም ይሸከማል።

ይህን ሐዲስ ለብዙ ነገር ስንጠቅሰው እንሰማለን። የተነገረው ግን በገንዘብ ማሰባሰቢያ ላይ ነው። ምክንያት የሆነውም ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ መጀመሪያ የተነሣው ሰው ነው። የሐዲሱ ዘገባ ስሙን አይነግረንም። የተከተለው ሰው ሁሉ አጅር ግን ለእሱም ተጽፏል።

ዒባዳው የተወሰነ ነው፤ መንገዱ ሰፊ ነው

“ቢድዓ ነው” ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ዘካ ዒባዳ ነው። ኒሷብ ለደረሰና ዓመት ለሞላው ገንዘብ 2.5 በመቶ ነው፤ የሚሰጣቸውንም ስምንት ክፍሎች አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 ላይ ራሱ ደልድሏል። ማንም ኮሚቴ፣ ማንም ብልህ ወጣት ይህን አይቀይርም። ገንዘቡ ከሰው እጅ ወደ ድሃው እጅ የሚደርስበት መንገድ ግን በየዘመኑ የሚለዋወጥ መሣሪያ ነው።

የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ተመልከቱ። በአንድ የዒድ ቀን ኹጥባ አድርገው ሲጨርሱ ድምፃቸው ለሴቶቹ እንዳልደረሰ ገመቱ። “ማይክራፎን የለም፣ ምን ይደረግ” ብለው አልተዉትም። ተነሥተው ወደ ሴቶቹ ሄዱ፤ መከሯቸው፤ ሰደቃ እንዲሰጡ አሳሰቧቸው። ቢላል (ረ.ዐ) ልብሱን ዘረጋ። ሴቶቹም የጆሮ ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እዚያው እያወለቁ ጣሉበት። መልእክቱ ያልደረሰውን ሰው ፈልጎ መሄድና ለመስጠት ሲነሣሣ እዚያው የሚሰጥበትን ነገር መዘርጋት ማለት ይህ ነው። ዛሬ በር ላይ የምትለጥፉት ኪዩአር ኮድ ከተዘረጋው የቢላል ልብስ የተለየ ሥራ የለውም።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ሲደርሳቸው ከዚያ በፊት ያን የመሰለ ውድ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበር። ምን ላድርግ ብለው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲሰድቁ ተመከሩ። መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ሆኖ ምርቱ ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ዋለ። በዚያ ዘመን ይህ እንዴት ያለ ደፋር ሐሳብ እንደሆነ አስቡት። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ለዘመናት መስጠት! ዛሬ ወቅፍ ብለን የምንጠራው ይህንኑ ነው።

በኸንደቅ ዘመቻም መዲናን በጉድጓድ የመክበብ ሐሳብ የመጣው ከፋርስ ሰው ከሰልማን (ረ.ዐ) ነው። ዐረቦች አያውቁትም ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን “ከየት መጣ” ብለው አልጣሉትም፤ ራሳቸው ቆፈሩ።

በዘመናችን የተነሡ ሰዎች

ሩቅ ሳንሄድ በዘመናችን ካሉት ጥቂቶቹን እንይ።

በ1984 የምሥራቅ አፍሪካ ረሃብ ዓለምን ባስደነገጠበት ጊዜ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ሐኪም የነበሩት ሃኒ ኤልበና ከጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ድርጅቱ እንደሚናገረው የመጀመሪያው ስጦታ 20 ፔንስ ነበር። ዛሬ ኢስላሚክ ሪሊፍ ብለን የምናውቀው፣ በብዙ አገሮች የሚሠራው ተቋም ከዚያ ተነሣ። ያ ዓመት ለኛ ለሐበሾች ምን እንደሆነ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። የወሎን መንደሮች ባዶ ያደረገው የ77ቱ ድርቅ የምንለው ነው።

ይኸው ድርጅት በ2016 ረመዳን ሲቃረብ በለንደንና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች በሚዘዋወሩ አውቶቡሶች ላይ “ሱብሓነላህ” የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሙስሊም ስለመሆን በፍርሃት በሚወራበት ሰዓት የአላህን ስም በጎዳና ላይ በሰላም ማሳየት ድፍረት ነበር። አስተውሉ፤ ማስታወቂያው ያስቀደመው የተራበ ሕፃን ፎቶ ሳይሆን ለአላህ የሚደረግ ውዳሴን ነው።

በ2017 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኝ የአይሁዶች መቃብር ውስጥ ከመቶ በላይ የመቃብር ድንጋዮች ተገፍትረው ወደቁ። ሙስሊሞች ላውንችጉድ በተባለው፣ በ2013 ሙስሊም ወጣቶች በመሠረቱት የገቢ ማሰባሰቢያ መድረክ ላይ 20,000 ዶላር እንሰብስብ ብለው ተነሡ። ግቡ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞላ፤ በቀናት ውስጥ ከ100,000 ዶላር አለፈ። ማንም አልጠበቃቸውም። አንዳንዱ ሙስሊም “የራሳችን ችግር አያንስም?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ግን ጎረቤት በሐዘኑ ጊዜ ሙስሊሙን ቀድሞ በሩ ላይ ካገኘው፣ ያ በራሱ ዳዕዋ ነው እላለሁ።

ከኛም ምሳሌ አለ። በ2018 ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠሩ የልማት ሥራዎች በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ጥሪ ቀርቦ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተሰብስቧል። አንድ ዶላር ብቻውን ምንም አይደለም፤ በየቀኑ መሆኑ ነው ያከበደው። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ያቺ ልጅ “በየወሩ 10 ዶላር” ስትለን የነጋዴ ሥራ አላመጣችም፤ ሱና ነበር የምታስታውሰን።

የሐዲሱ ሁለተኛ ክፍል

እዚህ ብጨርስ ወጣቶቹ ደስ ይላችሁ ነበር። ግን ሐዲሱ ሁለት ክፍል አለው፤ መጥፎ ፈለግ የጀመረ ሰው የተከተሉትን ሸክም ይሸከማል። ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ላይ ነው።

በአንድ ዓመት እህል የማከፋፈል ሥራ ይዘን ወደ ወሎ ሄድኩ። ከተሰለፉት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ዱቄቱን ሲቀበሉ አለቀሱ። ስልኬን አወጣሁና ቀረጽኩ። አላስፈቀድኳቸውም፤ የማስፈቀድ ነገር በልቤም አልመጣ። ማታ ከሚያሳዝን ነሺዳ ጋር አቀናብሬ ሶሻል ሚዲያ ላይ ለጠፍኩት። ሰው አለቀሰ፤ ገንዘቡ ጎረፈ። በጣም ተሳክቶልኛል ብዬ ነበር።

ከወራት በኋላ ከባሕረ ሰላጤ አንድ ሰው ደወለልኝ። የእኒያ እናት ልጅ ነው። ሹፌር ሆኖ ይሠራል፤ ደመወዙ ለወራት ዘግይቶበት ነው ለእናቱ መላክ ያቃተው። አብረውት የሚኖሩት ልጆች “ይሄ ያንተ አገር አይደለም እንዴ?” ብለው ቪዲዮውን ሲያሳዩት እናቱን አየ። አልሰደበኝም። “ጋሼ፣ እናቴ በሕይወቷ የሰው ፊት አይታ አታውቅም። እርስዎ በዓለም ፊት ለማኝ አደረጓት” አለና ዝም አለ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ቪዲዮውን አጠፋሁት። ግን ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ገልብጠውታል። የሳቸውን ፊት ይዘው ሌላ የባንክ ቁጥር ለጥፈውበታል። የማላውቃቸው ሰዎች በማላውቀው አገር በእኒያ እናት እንባ ይለምኑ ነበር። የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 273 ላይ የሚያመሰግናቸው ድሆች አሉ። ክብራቸውን ስለሚጠብቁ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ ያስባል፤ ሰውን ሙጭጭ ብለው አይለምኑም። አላህ የሸፈነውን ድህነት እኔ ገለጥኩት። እኒያ እናት የመጡት ለዱቄት ነበር። እኔ ሌላ ነገር ወሰድኩባቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ጥያቄ

ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ይዛችሁ ስትነሡ ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ከሁለቱም ጥፋት እተርፍ ነበር።

1. እውነት ነው? ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በኛው አገር በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ሙስሊሞቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ከኋላቸው ቁረይሽ ነበር። ጃዕፈር ለሚያናግሯቸው ሰዎች ልብ የሚቀርበውን አወቁ፤ ከሱረቱ መርየም አነበቡ፤ ንጉሡም አለቀሰ። በማግስቱ ግን ቁረይሾች ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው ብለው ነገር አመጡ። አሁን እውነቱን ማለስለስ ሊያድናቸው ይችል ነበር። ሙስሊሞቹ ተማክረው የሚመጣው ይምጣ፣ አላህና መልእክተኛው ያሉትን እንላለን አሉ፤ እንዳሉትም አደረጉ። ሰሚያችሁን ማወቅና ለሰሚያችሁ ስትሉ እውነቱን መቀየር ይለያያሉ። “ዛሬ ካልሰጣችሁ ልጁ ይሞታል” የሚል ጽሑፍ እውነት ካልሆነ ለሰደቃ የተነገረ ውሸት ነው።

2. ድሃው ቢያየው ምን ይላል? የምትለጥፉትን ሁሉ ፎቶው ላይ ያለው ሰው፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ እንደሚያየው ቁጠሩ። ስልክ የማይደርስበት ቦታ የለም። አስፈቅዱ። “እህሉን ከመስጠቱ በፊት” የተጠየቀ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነም እወቁ፤ የራበው ሰው እምቢ አይልም። የተሠራውን የውኃ ጉድጓድ፣ የተከፈተውን ክፍል፣ የሚያነቡትን እጆች ማሳየት ትችላላችሁ። ለኛ ትምህርት ቤት ያቺ ልጅ ያሰበችው ልጆቹ ስላወቁት ነገር በኩራት የሚናገሩበትን ቪዲዮ ነበር። እኔ ማስታወቂያ ነው ብዬ የናቅኩት ከኔ ቪዲዮ ይልቅ ክብር ነበረው።

3. ለማን ብዬ ነው? የቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ቸር ነው እንዲባል የሰጠ ሰው እንደሆነ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 264 ላይ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል። በዚያው ሱራ ቁጥር 271 ላይ ደግሞ በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ በድብቅ ለድሃ መስጠት ግን የተሻለ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ሁለቱንም በር ክፈቱ። የሰጪውን ስም የምታሳዩበት ገጽ ካላችሁ “ስሜ አይታይ” የሚለው ምርጫ ቀድሞ የሚገኝ ይሁን። ለራሳችሁም ጠንቀቅ በሉ። ዘመቻው የታየበትን ቁጥር በየደቂቃው ስትቆጥሩ ኒያችሁ መቼ ከድሃው ወደ ቁጥሩ እንደሄደ አታውቁትም።

4. አማናው የት ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው ተመልሶ “ይሄ የእናንተ ነው፣ ይሄ ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው” ሲል ሚንበር ላይ ወጥተው ተናገሩ። ያ ሰው በእናት በአባቱ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ስለዚህ በግል ዜል ወይም በግል ካሽአፕ የሕዝብ ገንዘብ አትቀበሉ። የዘካን ሒሳብ ከሰደቃ ሒሳብ ለዩ። ለጉድጓድ የተሰጠ ለጉድጓድ ይዋል። ዘካ ለሚሰበስቡና ለሚያከፋፍሉ ሠራተኞች አላህ በስምንቱ ውስጥ ድርሻ ስለሰጠ፣ ለሥራው የወጣውን ወጪ መደበቅ አያስፈልግም፤ በግልጽ ጻፉት። በአሜሪካ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ስጦታውን ከግብር ለመቀነስ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ሳይጠይቃችሁ ላኩለት። እንደ ኤምሬትስና ሳውዲ ባሉ አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ በሕግ እንደሚያስቀጣ አትርሱ። ኒያው ጥሩ መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ ፈቃድ ባላቸው ተቋማት በኩል ሥሩ።

እናንተ የምታውቁት፣ እኛ የማናውቀው

አሁን ወደ ሥራው። እነዚህን የምነግራችሁ አዲስ ስለሆኑ አይደለም። በየማኅበራችን ማንም ስላልጀመራቸው ነው።

ብዙ ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ያህል ራሳቸው ይጨምራሉ። እናንተ እዚያ ትሠራላችሁ፤ ወላጆቻችሁ ግን ይህን ሰምተው አያውቁም። ማኅበራችሁ ብቁ መሆኑን አጣሩና ቅጹን ሙሉ። በእንግሊዝ የምትኖሩ ጊፍት ኤይድን ታውቃላችሁ፤ ግብር ከፋይ ለሰጠው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ድርጅቱ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይመለስለታል። ስንት አባት ነው አንድ ወረቀት ሳይፈርም ይህን ያስቀረው?

በረመዳን የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች በየሌሊቱ ትንሽ ትንሽ በራሱ የሚከፍል መንገድ አሁን አለ። ለይለተል ቀድር በየትኛዋ ሌሊት እንደምትውል ስለማናውቅ ሰው ሁሉንም ሌሊት ሰጥቶ ያድራል። እናትህ ስልኳ ላይ ማድረግ ካቃታት ከተራዊሕ በኋላ አጠገቧ ቁጭ በልና አብረሃት አድርገው። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ወቅፍ አስቡ። እኛ በየዓመቱ ለኪራይ ለምነን በየዓመቱ ለባለቤቱ እንከፍላለን። ዑመር (ረ.ዐ) ያደረጉትን ብናደርግ፣ አንድ ቤት ወይም አንድ ሱቅ ለትምህርት ቤቱ ወቅፍ ቢሆን፣ ከኪራዩ የሚገኘው የልጅ ልጆቻችሁን ያስተምራል። ይህ የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም። ሕግ የሚያውቅ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ፊቅህ የሚያውቅ አብሮ መቀመጥ አለበት። ሦስቱም ከመካከላችሁ አሉ።

ለታላላቆቼም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችንን ወንበር እንዲደረድሩና ፕሮጀክተር እንዲያበሩ ብቻ አንጥራቸው። ውሳኔ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ወንበር እንስጣቸው። ሲሳሳቱ እናርማቸው፤ እኛም ስንሳሳት ያርሙን።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ባለፈው ረመዳን ለዚያች ልጅ ደወልኩላት። “ያን ቀን የተናገርኩሽ ስህተት ነበር፤ አፉ በይኝ” አልኳት። ከዚያም ወደ ኮሚቴው እንድትመጣ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ “አፉ ብያለሁ ጋሼ፤ ለሌላው ላስብበት” አለችኝ። እስካሁን እያሰበችበት ነው። መብቷ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የተነሣችው እሷ ነበረች፤ የተቀመጥነው እኛ ነን።

እናንተ ግን የሚያነሣችሁን ሰው አትጠብቁ። ግማሽ ተምር ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳያፍር አድርጋችሁ ጥሩ፤ ድሃው እንዳይዋረድ አድርጋችሁ ሰብስቡ። የጀመራችሁት ፈለግ ከእናንተ በኋላ እንደሚሄድ አስታውሱ።

አላህ ሆይ! ኒያችንን አጥራልን። በአማናው ላይ የምንታመን አድርገን። የሸፈንከውን የባሮችህን ክብር ከመግለጥ ጠብቀን። በጥፋቴ ያዘነችውን እናትና ልጇን ካሳቸው፤ እኔንም ማረኝ። ወጣቶቻችንን የመልካም ፈለግ ጀማሪዎች አድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።